ለደንቢያ የተመረጠ ጎማ

የእህቴ ልጅ ፒካፕ ከገዛ ወዲህ ሌላ ወሬ የለውም። ባለፈው ሳምንት፣ "ጎማ ልቀይርላት ነው፤ አብረሽኝ ነይ፣ አየርም ትቀይሪያለሽ" ብሎ ከቤት አወጣኝ። ስለ መኪናዋ ሲያወራ ስለ ሚስት የሚያወራ ነው የሚመስለው፤ "ደክሟታል፣ ላሳርፋት፣ ላጥባት" ይላል። እኔን ግን ስወጣባት ጉልበቴን፣ ስወርድ ወገቤን ታሳምመኛለች።

ሱቁ ከአዘዞ መንገድ ዳር ነው። ግድግዳው እስከ ጣሪያው በጎማ ተሞልቷል፤ የአዲስ ጎማ ሽታ ገና ከበሩ ይቀበላል። ሻጩ ስልኩን ከእጁ የማያወርድ ወጣት ነው። ጎማዎቹን በእግሩ መታ መታ እያደረገ፣ "ይኼ ለአስፋልት ነው፤ ያ ጥርሱ ትልልቁ ለጭቃ ነው። ይኼኛው ደግሞ ለሁሉም ይሆናል፤ ጭቃውንም ድንጋዩንም አስፋልቱንም ይችላል" አለ። ከዚያ ቀና ብሎ የእህቴን ልጅ፣ "ለመሆኑ ብዙ ጊዜ የምትነዳት ወዴት ነው?" ሲል ጠየቀው።

ከዚህ የቀለለ ጥያቄ የለም። የእህቴ ልጅም "ብዙ ጊዜ ከተማ ውስጥ ነኝ፤ በወር አንድ ሁለቴ ደባርቅ እወጣለሁ" ብሎ እንደ ዋዛ መለሰለት። እኔ ግን በቆምኩበት ፊቴ ጋለ። ልጆቹ ሙቀቱ የከበደኝ መስሏቸው ወንበር አመጡልኝ፤ ተቀመጥኩ። ከአርባ ዓመት በፊት ይህንኑ ጥያቄ ተጠይቄ የሰጠሁት መልስ ነበር ፊቴን ያጋለው።

ያኔ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ለትምህርት ቤቶች ጠመኔና ደብተር በሚያከፋፍል አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የዕቃ ግምጃ ቤቱን ቁልፍ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ሥራው ክፉ አልነበረም፤ ክፉዋ እኔው ነበርኩ። እግሬ አንድ ቦታ መቆም አይወድም። ሁለት ካርቶን ጠመኔ ወደ አዲአርቃይ ሲሄድ እፈርማለሁ፣ አንድ ካርቶን ወደ ዛሪማ ሲሄድ እፈርማለሁ፤ እኔ ራሴ ግን ከአምባ ጊዮርጊስ አልፌ አላውቅም። ጠመኔ ያየውን አገር ሳላይ ላረጅ ነው እያልኩ በግምጃ ቤቱ ጠባብ መስኮት የሚወጣና የሚገባውን መኪና ስቆጥር እውል ነበር። አለቃችን "የዚች ልጅ ወንበር እሾህ አለበት" ይል ነበር፤ አልተሳሳተም።

ዘመኑም ቢሆን እንኳን እንደ እኔ ላለው፣ ለረጋውም ሰው ዕረፍት የሚሰጥ አልነበረም። ብሔራዊ ውትድርና ከመጣ ወዲህ ወንድ ልጅ ያለው ቤት ሁሉ በር ሲንኳኳ ይደነግጣል። ጎረቤትና ጎረቤት ሲገናኙ ስለ ዝናቡ ይነጋገራሉ እንጂ ሌላ አይነሳም። "ወዴት ነሽ?" የተባለች ሴት በአገጯ ወደፊት እያመለከተች "ወደዚህ ነው" ብላ መንገዷን ትቀጥላለች። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነበር ነገሩ። እኛ ወጣቶቹ ደግሞ ይህን ከመፍራት አልቆጠርነውም፤ እንደ ትልቅ ሰውነት ቆጠርነው። አፉን የሚዘጋ ሰው የበሰለ ሰው ነው ሲባል እየሰማሁ አድጌያለሁና እኔም አፌን መዝጋት እወድ ነበር።

ሰኔ የፈተና ወር ነው። ሚኒስትሪ የምንለው የስምንተኛ ክፍል ፈተና በመላ አገሪቱ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት ይጀመራል። ወረቀቱ ያልደረሰበት ቦታ "ቆይቼ ልፈተን" ቢል የሚሰማው የለም፤ ጥያቄው ወጥቷል ይባላል። ለተማሪው አንድ ዓመት ጠፋ ማለት ነው። ቁመቱ መዘዝ ላለ ወንድ ልጅ ደግሞ ያ አንድ ዓመት በትምህርት ቤት ሳይሆን በጦር ማሠልጠኛ ሊያልቅ እንደሚችል የማያውቅ አልነበረም።

ሰኔ ዐሥራ አንድ ቀን አለቃችን ቢሮው ጠርቶ በሩን ዘጋ። ወረቀቱን ይዞ ይሄድ የነበረው ሰው ታሟል። "ጓድ ማንጠግቦሽ፣ ከነገ ወዲያ ንጋት ላይ ዛሪማ ትሄጃለሽ። በማግስቱ ጠዋት ፈተናው ይጀመራል። ቦታውን ካንቺና ከአጃቢው ፖሊስ በቀር ማንም እንዳይሰማ። ሾፌሩም ቢሆን ኬላውን ካለፈ በኋላ ይነገረው" አለኝ። ቀጥሎም የመሥሪያ ቤታችን ፒካፕ ጎማ መላጣ መሆኑን አስታወሰኝና፣ "ግምጃ ቤት ካሉት የሚሻለውን መርጠሽ አስገጥሚ" አለ። ከቢሮው ስወጣ እግሬ መሬት አልነካም። ዛሪማ! ለማንም መንገር ያለመቻሌ እንኳ ደስታዬን ጨመረው።

ግምጃ ቤቱ ውስጥ ሁለት ዓይነት ጎማ ነበረ፤ ከየዓይነቱ አራት አራት። ጎማ እንደዛሬ ሱቅ ገብተው የሚያነሱት ነገር አልነበረም፤ በደብዳቤና በደጅ ጥናት የሚገኝ ነበርና ሸራ አልብሼ አስቀምጫቸው ነበር። አንደኛው ጥርሱ እንደ ጡብ የገዘፈ፣ በጥርሱና በጥርሱ መካከል ጣት የሚያስገባ። ሌላው ጥርሱ አነስ ያለና የተቀራረበ። የትኛው ለምን እንደሆነ አላውቅም። የሚያውቀው ሾፌራችን አያ ሞላ ነው፤ በዚያ የሰሜን መንገድ ሃያ ዓመት የተመላለሰ የወገራ ሰው። ሄጄ "ነገ ጎማ እንቀይር" አልኩት።

"ነገ ምን እንደሆነ ጠፋሽ?"

"ዐሥራ ሁለት ነዋ።"

"የሰኔ ሚካኤል ነው እንጂ! በሚካኤል ክሪክ አልጨብጥም። ጽዋውም ዘንድሮ የኔ ነው፤ ቤቴ ማኅበርተኛ አለብኝ። ከነገ ወዲያ እንዳሻችሁ።"

"ከነገ ወዲያማ ንጋት ላይ መነሻችን ነው።"

"ወዴት?"

"ወደ ሥራ" አልኩት።

"ምነው ልጄ! ሾፌሩ እኮ እኔ ነኝ" ብሎ ጥሎኝ ሄደ።

በሚካኤል ቀን ክርስቲያን ጎሚስታ ከተማው ውስጥ አይገኝም። ስለዚህ ከአዲስ ዓለም ሰፈር ሙስሊሙን አያ እንድሪስን አስመጣሁ። በበዓላችን ቀን የጎንደር መኪና ሁሉ የሚድነው በእሳቸው እጅ ነበር። ጢማቸው የሸበተ፣ ጣቶቻቸው በጎማ ጥቁረት የደረቁ ሰው ናቸው። ከሁለቱም ዓይነት አንዳንድ አውጥተው ግቢው መሐል አቆሙና በመዳፋቸው ዳሰሷቸው።

"እህ፣ ወዴት ነው የምትወጣው ማኪናዪቱ?"

"ወደ ገጠር።"

"ገጠርማ ገጠር ነው። የቱ ገጠር? ይኼ ጥርሰ ትልቁ ለጭቃ ነው። መረሬ አፈር ላይ ጭቃውን እየነከሰ፣ እየተፋ ይሄዳል። እርጥብ ድንጋይ ላይ ግን ያንሸራትታል፤ ድንጋይ አይነከስማ! ይኼኛው ደግሞ ጭቃው ላይ ያን ያህል አይጎብዝም፤ ግን ድንጋዩንም ጭቃውንም እንደምንም ይችላል። ሁለቱም ሸጋ ጎማ ነው። ጎማ የሚመረጥ በመንገዱ ነው የኔ ልጅ። መንገዱን ንገሪኝ።"

የአለቃችን መስኮት ከራሳችን በላይ ክፍት ነበር። ቀና ብዬ አየሁት። "ሰሜን" ብል ምን ይመጣ ነበር? ምንም። አያ እንድሪስ የማንም ሰላይ አልነበሩም፤ ጎማቸውን ገጥመው ለሶላት የሚሄዱ ሰው ነበሩ። ግን ትእዛዙ ጆሮዬ ላይ ነበርና፣

"ደንቢያ ነው" አልኳቸው።

ውሸቱ እንደዚያ ቀልሎ መውጣቱ እኔንም ገረመኝ። ደንቢያ ሜዳ ነው፤ በሰኔ እስከ ጉልበት የሚውጥ ጥቁር ጭቃ እንጂ ለምጣድ ማስደገፊያ ድንጋይ የማይገኝበት አገር።

"ቆላ ድባ ነው ወይስ ያልፋል?"

"እስከ ጎርጎራ" አልኩ። ውሸት አንዴ ከተነሳ ቆላ ድባ ላይ አይቆምም።

"ታዲያ ምን ያከራክራል! የጭቃው ነዋ" አሉና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። አራቱንም ገጥመው ሲጨርሱ ፒካፗ ከፍ ብላ፣ ደረቷን ነፍታ ቆመች። ደስ አለችኝ። ስለ እርጥብ ድንጋይ ያሉትን ሰምቼዋለሁ፤ አልሰማሁም ብል ዋሽቼ እጨርሳለሁ። ግን ሊማሊሞን በስም እንጂ በዓይኔ አላውቀውም። ጎማ ጎማ ነው፣ ትልቅ ጥርስ ከትንሽ ጥርስ ይሻላል ብዬ ግምጃ ቤቱን ቆለፍኩ። የዚያን ቀን ምስጢር በመጠበቄ በራሴ ኮርቼ ነበር።

በማግስቱ ንጋት ላይ አያ ሞላ መኪናዋን ሁለት ጊዜ ዞራት። ጎማውን በጫማው ጫፍ ነካ አደረገና ገባ። እኔ መሐል ተቀመጥኩ፤ አጃቢያችን ዐሥር አለቃ ፈንቴ ጠመንጃውን በጉልበቱ መሐል አቁሞ ከበሩ በኩል ተቀመጠ። የታሸጉት ሣጥኖች ከኋላ በሸራ ተሸፍነዋል። ኬላው ላይ የይለፍ ወረቀታችን ታየ፤ አለፍን። ጥቂት እንደሄድን፣ "አያ ሞላ፣ ዛሪማ ነው የምንሄደው" አልኩት።

ፍሬን ያዘ። ወርዶ የኋላውን ጎማ አየ፤ ተመልሶ መጥቶ በሩን እንደያዘ፣ "ሊማሊሞን በዚህ? በሰኔ? ማነው ይህን የመረጠ?" አለ።

"እኔ ነኝ።"

"ሌላኛውስ የት ሄደ?"

"ግምጃ ቤት ነው።" ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር።

"እንመለስና እንቀይረው።"

ዐሥር አለቃው ራሱን ነቀነቀ። "የይለፉ ወረቀት አንድ ጊዜ ነው የሚያስወጣን። ከተመለስን ሌላ ማጻፍ ነው። ለምን ተመለሳችሁ ብንባል ምን እንላለን?"

ሁለቱም እኔን አዩኝ። ወረቀቱ በስሜ ነውና ቃሉ የእኔ ነበር። እንመለስ ብል ግማሽ ቀን ይሄድብን ነበር እንጂ የሚሞት ሰው አልነበረም። ግን መመለስ ማለት ለአያ እንድሪስም ለአለቃዬም መዋሸቴን መናገር ነው። "ይችለዋል፣ ንዳ" አልኩ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት እኔ ነኝ።

ወገራ ላይ ደግሞ ጎማው አኮራኝ። ሌሊት ዘንቦ ስለነበር ከአምባ ጊዮርጊስ በፊት መንገዱ እንደ ቡኮ ሊጥ ሆኖ ጠበቀን። አንድ አውቶቡስ ተቀርቅሮ ተሳፋሪው ጫማውን አውልቆ ይገፋል፤ እኛ ጭቃውን እየተፋን በጎኑ አለፍን። "አየህ አይደል?" አልኩት አያ ሞላን። እሱ ማርሽ ቀየረ። በስተግራና በስተቀኝ ገበሬው ሁሉ በሬውን ጠምዶ ገብስ ይዘራል። ዐሥር አለቃው ኪሱ ውስጥ ካለው የባቄላ ቆሎ እየቆነጠረ ይሰጠኛል፤ እኔ እየቆረጠምኩ ሰማዩን አያለሁ። በምሥራቅ በኩል ደመናው መሰብሰብ ጀምሯል። የመኪናዋ ፍጥነት አልበቃ አለኝ፤ እግሬ ከፊቴ የሌለ የነዳጅ መርገጫ ይረግጣል።

ደባርቅ ስንደርስ ቀትር ሆነ፤ ዝናቡም አብሮን ደረሰ። አንዲት ሻይ ቤት ገብተን የጾም በያይነቱ አዘዝን። የቆርቆሮው ጣሪያ ሲደበደብ ለመነጋገር መጮህ ያስፈልግ ነበር። አያ ሞላ ሁለት ጉርሻ በልቶ ተወው። ዝናቡ ሲያባራ፣ "ድንጋዩ እስኪደርቅ አንድ ሁለት ሰዓት እንቆይ" አለ። ዐሥር አለቃው ሰዓቱን አየ። እኔ አራት ጊዜ ተነስቼ አራት ጊዜ ተቀመጥኩ። ደመናው አሁንም አልተበተነም፤ ደግሞ ቢዘንብስ? "አሁን እንሂድ፣ ብንቆይ ይብስብናል" አልኩ። ትክክል ነበርኩ ወይስ አልነበርኩም፣ እስከዛሬ አላውቅም። መቀመጥ ስላልቻልኩ እንጂ አስቤ አልነበረም የተናገርኩት።

ሊማሊሞ በአንድ ወገኑ የድንጋይ ግድግዳ ነው፤ በሌላው ወገኑ ምንም። ታች ያለው አገር በደመና ቀዳዳ ብልጭ ይልና ይጠፋል። መንገዱ በድንጋይ የተነጠፈ፣ ዘመን ያለሰለሰው፣ ዝናብ ያጠበው ነው። አያ ሞላ አንደኛ ማርሽ አስገብቶ፣ ፍሬን ሳይነካ እያዳመጠ ይወርዳል። የመጀመሪያዎቹን ኩርባዎች አለፍን። አምስተኛው ይሁን ስድስተኛው ላይ የመኪናዋ ኋላ ቀስ ብሎ፣ ያለምንም ድምፅ ወደ ባዶው ሄደ። እንዲህ ያለ ነገር በፍጥነት የሚሆን ይመስለኝ ነበር። በቀስታ ነው የሆነው፤ ሁሉን ለማየት ጊዜ ነበረኝ።

"ሚካኤል!" አለ አያ ሞላ፤ መሪውን ወደ ግድግዳው ጠመዘዘ። የመኪናዋ አፍንጫ ዓለቱን ገጨ፤ የፊት እግሯ ቦዩ ውስጥ ገባና ቆመች።

ወርደን አየን። የኋላ ጎማው ከገደሉ አፍ ሁለት ክንድ አይሞላም። ያ የኮራሁበት ትልቅ ጥርስ ድንጋዩ ላይ የጫረው መስመር እንኳ አልነበረም። መንገዱ ዳር ተቀምጬ አለቀስኩ። ሞትን ስላየሁ ብቻ አልነበረም። ዛሪማ ላይ ልጆቹ በዚያ ሰዓት እርሳሳቸውን ሲቀርጹ ይታየኝ ነበር። ያኔ ለአያ ሞላ ሁሉን ነገርኩት፤ ጎሚስታው ወዴት ነው ብለው እንደጠየቁኝ፣ ደንቢያ እንዳልኳቸው።

"አያ እንድሪስን?" አለ፤ አፉን ከፍቶ አየኝ። "ዕድሜ ልኩን ጎማ የሠራን ሰው ደንቢያ አልሽው?"

"ምስጢር ነዋ!"

ቁጣው ወደ ራሱ ዞረ። "እኔም ትናንት ጽዋዬን ትቼ አልመጣ ነገር" ብሎ አጠገቤ ተቀመጠ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቀንበር የተሸከሙ ሦስት ገበሬዎች በሬዎቻቸውን እየነዱ በእግር መንገዱ ወጡብን። ዝናብ ከእርሻ አስነስቷቸው ወደ ቤት መግባታቸው ነው። በዕድሜ የሚበልጡት፣ በኋላ ስማቸው አያ ባየ መሆኑን የሰማነው ሰው፣ መኪናዋን አዩ፣ ጠመንጃውን አዩ።

"እንደምን ዋላችሁ። ምን ጭናችኋል?"

"የመንግሥት ዕቃ ነው። አይመለከታችሁም። ኑ ግፉ!" አለ ዐሥር አለቃው።

"የመንግሥት ዕቃ" አሉ አያ ባየ። "ባለፈው ወር የመጣችውም ማኪና የመንግሥት ዕቃ ልጫን ብላ ነበር። የጫነችው ልጆቻችንን ነው። እንግዲህ ደህና ዋሉ።"

በሬያቸውን መታ አድርገው ጀርባቸውን ሰጡን። ሦስቱም ሄዱ። ሲርቁ ሳይ ከተቀመጥኩበት ተነሳሁ።

"አባቴ፣ ይቆዩ!" ብዬ ጮህኩ። "የፈተና ወረቀት ነው! የልጆች ፈተና። ዛሪማ ነው የምንሄደው፤ ነገ ጠዋት ካልደረሰ ዓመቱ ያመልጣቸዋል።"

"ጓድ ማንጠግቦሽ!" አለ ዐሥር አለቃው፤ ፊቱ አመድ መሰለ። "ትጠየቂበታለሽ!"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አያ ባየ ቆመው ነበር። ቀስ ብለው ተመለሱና ሸራውን ሳይነኩ በዓይናቸው መዘኑት።

"የኔው አምና ወደቀ" አሉ። "ዘንድሮ ልድገም እያለ ሳለ ወሰዱት።"

ወደ መኪናዋ ቀረቡ። ቀንበራቸውን አወረዱ። ጎማውን ጎንበስ ብለው አይተው፣ "ይኼ ጥርስ ከድንጋያችን ጋር አልተዋደደም። ጠፍር ይጠምጠምበት። የረጠበ ጠፍር ድንጋይ ይይዛል" አሉና ሞፈሩን ከቀንበሩ ጋር የሚያስረውን የቆዳ ጠፍር መፍታት ጀመሩ። አያ ሞላ ፊቱ በራ። "በበረዶ አገር ሰንሰለት ያስሩበታል ሲባል ሰምቻለሁ፤ ምን ለየው!" ብሎ ጎማውን ያስተነፍስ ጀመር፤ ሲተነፍስ ተንጣሎ ድንጋዩን በሰፊው እንዲይዝ ነው።

የሦስት ሰው ጠፍር ለሁለት ጎማ አይበቃም። አያ ባየ ወደ ሸለቆው ዞረው ተጣሩ፤ ከወዲያ ማዶ ሌላ ድምፅ ተቀበለ። ጥቂት ቆይቶ ሰዎች ብቅ ብቅ አሉ፤ ከፊሉ የእርሻውን ጠፍር ትከሻው ላይ ጥሎ፣ አንድ ጎረምሳ ደግሞ የአልጋውን ጠፍር ፈትቶ ጠቅልሎ መጣ። "ዛሬ መሬት ላይ ተኛ እንግዲህ!" ብለው ሳቁበት። የአያ ባየ ሚስት የተቀቀለ ድንች በሰፌድ ይዘው ደረሱ፤ ትኩስ ነበር፤ ጣቴን እያቃጠለኝ በላሁ። ከዚያ የጣፈጠ ድንች በልቼ አላውቅም። ዐሥር ሰው ሆነው በአንድ ትንፋሽ የፊት እግሯን ከቦዩ አወጡ። ጠፍሩን በቸርኬው ቀዳዳ እያሾለኩ የኋላ ጎማዎቹን ጠመጠሟቸው። በመጨረሻ አንድ ክንድ የሚያህል ቦታ ሲጎድል ዳር ቆሞ የነበረው ዐሥር አለቃ ፈንቴ ቀበቶውን ፈታና ሰጠ። ሱሪውን በአንድ እጁ፣ ጠመንጃውን በሌላው ይዞ ቆመ፤ ማንም አልሳቀበትም።

እስከ ረባዳው ድረስ በእግራቸው ወረዱልን። ሁለት ሰዎች ከጎማው ኋላና ፊት ድንጋይ እየኮለኮሉ፣ አያ ሞላ በሩን ከፍቶ እየነዳ፣ ኩርባውን አንድ በአንድ ጨረስነው። ታች ስንደርስ ጠፍሩ ተልጦ፣ ተበጣጥሶ፣ የሚፈታ እንኳ አልነበረውም። እኔ አያ ባየን ማየት አቃተኝ። በሰኔ ያለ ጠፍር የቀረ ገበሬ ምን እንደሚሆን ከተሜ ብሆንም አውቃለሁ።

"ነገ በምን ያርሳሉ?" አልኳቸው።

"የምናርስ ለማን ሆነና ልጄ" አሉኝ። "ሂጂ፣ አድርሽላቸው።"

ዛሪማ የገባነው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። አየሩ ሞቃት፣ አቧራው የአገዳ ሽታ ያለው ነበር፤ ሊማሊሞ ላይ የለበስኩት ጋቢ ሸክም ሆነብኝ። ልጆቹ መንገዱ ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር። ከሩቅ ሠፈር መጥተው ክፍሉ ወለል ላይ ያደሩም አሉ። አንዲት ነጠላዋን ወገቧ ላይ ያሰረች ልጅ ወደ መስኮቱ ሮጣ መጥታ፣ "እትዬ፣ መጣ?" አለችኝ።

"ምኑ?" አልኳት።

ለዚያ ሁሉ ሰው ሊማሊሞ ላይ ለፍልፌ፣ ያን ሁሉ ጠፍር አስበጥሼ፣ "ምኑ?" አልኳት። ልጅቷ ደነገጠች። አያ ሞላ መሪው ላይ ግንባሩን ደፍቶ ሳቀ፤ ያ ሳቅ ከስድብ ይልቅ አመመኝ። በማግስቱ ጠዋት በሰዓቱ ሣጥኑ ተከፈተ፤ ልጆቹ ተቀመጡ። በመስኮት ሆኜ ጎንበስ ያሉትን ራሶች አየሁና ወደ ውጭ ወጥቼ ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ። ከጠዋት እስከ ቀትር አንድ ቦታ ተቀምጬ የዋልኩት ያን ቀን ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ድንጋዩ ደርቆ ሊማሊሞን ያለ ጠፍር ወጥተን ጎንደር ስንመለስ አለቃችን ዐሥር አለቃ ፈንቴን ጉዞው እንዴት እንደነበር ጠየቀው። እኔ ልብሴን የሚጠቀልል ሰው ልኬ ለመታሰር ተዘጋጅቼ ነበር ማለት ይቻላል። "ዝናብ ነበረ። ቆመን አሳለፍነው። ማንም አልቀረበንም" አለ ዐሥር አለቃው፤ ቀጥ ብሎ ሰላምታ ሰጥቶ ወጣ። ያዳነኝ ውሸት ነው። ሊማሊሞ ላይ እውነት አዳነኝ፤ ቢሮ ውስጥ ውሸት አዳነኝ። ከዚህ ምን ትምህርት እንደሚወጣ ያኔም አላወቅኩም፣ ዛሬም የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

አያ እንድሪስ ጥርሰ ትንሹን ጎማ ሊገጥሙ መጡ። ከጭቃው ጎማ ጥርስ ውስጥ የተሰነቀረ የጠፍር ብጣሽና የድንጋይ ስባሪ በወረንጦ እየለቀሙ መሬት ላይ ደረደሩት። "ደንቢያ ደግሞ መቼ ድንጋይ አበቀለች?" አሉኝ። አንዱን የጠፍር ብጣሽ ከመሬት አነሳሁ። "እኔ የጠየቅሁሽ መንገዱን ነው፤ ምስጢርሽን አይደለም" አሉና ሥራቸውን ቀጠሉ። ይቅርታ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። በቀጣዮቹ ዓመታት ጦርነቱ መንገዱን ዘጋው፤ ወደ ሊማሊሞ ስመለስ አያ ባየን የሚያውቃቸው ሰው አላገኘሁም።

ከእህቴ ልጅ ጋር ከጎማ ሱቁ በተመለስን በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከግቢያችን ስወጣ ጎረቤቴ ዘነቡ በር ላይ ቆማ ነበር። "ወዴት ነሽ በጠዋቱ?" አለችኝ። "ወደ ገበያ" አልኳት። ወደ ሆስፒታል ነበር የምሄደው፤ ከአንድ ወር ወዲህ ደረቴ ላይ የሚሰማኝን ነገር ለማንም አልነገርኩም። ማንም አልከለከለኝም፣ የሚያዳምጠኝ የተከፈተ መስኮት የለም። እንዲሁ ነው ከአፌ የወጣው። አርባ ዓመት ሙሉ ገበያ ስሄድ ቤተ ክርስቲያን፣ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ለቅሶ እያልኩ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ልጄን ልወልድ ስሄድ እንኳ ለጎረቤት "መጣሁ" ብዬ ነው የወጣሁት። ይህን ሁሉ ጊዜ ጠባይ ነው እያልኩ ሳሞግሰው ኖሬያለሁ። ሊረዳኝ ሲችል በውሸት የመለስኩት ሰው ስንት እንደሆነ አስቤ አላውቅም ነበር።

አስፋልቱ ጋ ደርሼ ቆምኩ። ባጃጅ መጣ፤ አሳለፍኩት። ከዚያ ተመለስኩ። ዘነቡ ጎመኗን ለመቀንጠስ ተቀምጣ ነበር።

"ገበያ አይደለም" አልኳት። "ሆስፒታል ነው። ደረቴን ያመኛል። ፈርቻለሁ።"

ቀና ብላ አየችኝ። ምነው እስካሁን አላልሽም አላለችም። ጎመኑን ከጭኗ ላይ አራገፈችና፣ "ጫማዬን ላድርግ፣ ጠብቂኝ" አለች።

ጫማ ለማድረግ እንደ ዘነቡ የሚዘገይ ሰው በጎንደር የለም። በሩን ተደግፌ ጠበቅኋት።